መንገድ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ጎጆ የሠሩ ወፎች፦ ሳልረብሻቸው እንዴት ልከታተላቸው?

አረንጓዴ_ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ገጠር ውስጥ ባለ አስፋልት ዳር፣ ከመንገዱ ጠርዝ 3 ሜትር ያህል ገባ ብሎ እሾሃማ ቁጥቋጦ አለ። ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ትንሽ ጎድጓዳ ጎጆ ተሠርቶበታል። ወፎቹ ድንቢጥ የሚያካክሉ፣ ጀርባቸው ቡናማ፣ ሆዳቸው ፈዛዛ ነው፤ አንደኛው ሽቦ ላይ ተቀምጦ ያዜማል። ባለፈው ሳምንት ሣር ሲያመላልሱ ነበር፤ ከሦስት ቀን ወዲህ ግን ጭር ብሏል። ትተውት ሄደው ይሆን? ካልሆነስ ምን ያህል ርቄ ልቁም? ውስጡን ሳላይ የት እንደደረሱ በምን ላውቅ እችላለሁ? ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ ጫጩቶቹ ሲወጡ አስፋልቱ ላይ ቢያርፉ ምን እንደማደርግ ነው።

ላባ_ቆጣሪ

ጭር ማለቱ ክፉ ምልክት አይደለም። ጎጆ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ጥቂት ቀን ባዶውን ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ሴቷ በቀን አንድ አንድ እንቁላል ትጥላለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ ላይ። በእነዚህ ቀናት ወላጆቹ ጎጆው አጠገብ እምብዛም አይታዩም። መታቀፉ በደንብ የሚጀመረው የመጨረሻው እንቁላል ሲጣል ወይም አንድ ሲቀረው ነው። ጫጩቶቹ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ተከታትለው የሚፈለፈሉትም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ጎጆ የሚያበላሸው ልክ አሁን አንተ ያለህበት ጊዜ ላይ ነው። «ትተውት ይሆን?» ብሎ ሄዶ ቅርንጫፍ ይገልጣል፤ ወፎቹም ገና ብዙ ያልደከሙበት ስለሆነ በእርግጥም ይተዉታል።

ውስጡን ማየት አያስፈልግህም። የወላጆቹን ምንቃር ተመልከት። ሣርና ቀጭን ሥር ከያዙ ግንባታ ላይ ናቸው። ላባ ወይም ፀጉር የመሰለ ለስላሳ ነገር ከያዙ ውስጡን እያለበሱ ስለሆነ እንቁላል ቀርቧል። ምንቃሯ ባዶ ሆኖ አንዷ ገብታ ለ20 ወይም ለ40 ደቂቃ ከጠፋች፣ ከዚያ ወጥታ አምስት አሥር ደቂቃ በጥድፊያ ለቃቅማ ከተመለሰች ታቅፋለች። ስለዚህ 15 ደቂቃ ቆመህ «ማንም የለም» ብትል ምንም አላወቅህም። መታቀፍን ለማረጋገጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሙሉ መቀመጥ አለብህ፤ ሰዓትህን ይዘህ የገባችበትንና የወጣችበትን ደቂቃ ጻፍ።

ምግብ በምንቃር ይዞ መግባት ሲጀመር ተፈልፍለዋል ማለት ነው። ያን ቀን 0 ብለህ ቁጠር። መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ትንንሽና ለስላሳ ነገር ነው፦ አባጨጓሬ፣ ሸረሪት። ፌንጣና ጠንካራ ክንፍ ያለው ነፍሳት ቆየት ብሎ ይመጣል።

በአብዛኞቹ ክፍት ጎጆ በሚሠሩ ትንንሽ ዘማሪ ወፎች ዘንድ መታቀፉ ከ11 እስከ 14 ቀን ይፈጃል፤ ጫጩቶቹ ጎጆ ውስጥ የሚቆዩት ደግሞ ሌላ ከ11 እስከ 15 ቀን ነው። ጉድጓድ ወይም የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ የሚፈለፍሉት ግን ይረዝምባቸዋል፤ ሦስት ሳምንት የሚጠጉ አሉ። እስከ 4ኛው ቀን ድረስ ጫጩቶቹ ዕርቃናቸውን ስለሆኑ ከወላጆቹ አንዱ ካጎረሰ በኋላ ላያቸው ላይ ይቀመጣል። በ5ኛው ቀን አካባቢ ዓይናቸው ይገለጣል፣ በ7ኛውና በ8ኛው ላባቸው ከሽፋኑ መውጣት ይጀምራል። ከ9ኛው ቀን በኋላ ወደ ቁጥቋጦው ፈጽሞ አትጠጋ። በዚያ ዕድሜ የደነገጠ ጫጩት ጎጆው ውስጥ ማድፈጡን ትቶ ዘሎ ይወርዳል። መብረር አይችልም፣ መልሰህ ብታስቀምጠውም ደግሞ ይዘላል። ከጎጆው 3 ሜትር ላይ አስፋልት ባለበት ቦታ ይህ ማለት ምን እንደሆነ ራስህ ገምተኸዋል።

ባለመነጽር

ርቀቱን እኔ ልመልስ። ከ40 ሜትር ጀምርና አምስት አምስት ሜትር ቅረብ፤ በየእርከኑ አሥር ደቂቃ ቁጭ በል። ወላጆቹ እንደ ቀድሞው ከገቡና ከወጡ ቀጥል፤ አንድ ነገር ከተለወጠ ሁለት እርከን ተመለስና ያንን ቦታህ አድርገው። ለብዙዎቹ ትንንሽ ወፎች ከ20 እስከ 30 ሜትር ላይ ይቆማል። የሚለወጠው ነገር ምን መሰለህ? ያለማቋረጥ «ጭክ፣ ጭክ» የሚል ደረቅ ድምፅ፣ ጅራት ማርገብገብ፣ ምግብ ይዞ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለሉ አለመግባት። አንዳንዴም ትሉን ራሱ ይውጠዋል፤ ያኔ ጫጩቶቹን አንድ ጉርሻ አስቀርተሃል ማለት ነው። ምግብ የያዘ ወፍ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልገባ ቦታህ ልክ አይደለም። 20 ደቂቃ ከደረሰ ዕቃህን ሰብስበህ ሂድ።

ሜትር ብቻውን ግን አይበቃም፤ የት በኩል እንደምትቀመጥም ወሳኝ ነው። ወፎች በቀጥታ ጎጆ ውስጥ አይገቡም። መጀመሪያ አንድ የለመዱት ቦታ ላይ ያርፋሉ፤ አጥር ምሰሶ፣ ሽቦ ወይም የደረቀ ጭራሮ ሊሆን ይችላል። ግራ ቀኝ ያያሉ፣ ከዚያ ዝቅ ብለው ይሰወራሉ። ያንን ማረፊያ ፈልገህ አግኝና መነጽርህን እሱ ላይ አነጣጥር። በምንቃሩ የያዘው የሚታየው እዚያ ነው፤ ጎጆው በር ላይማ ቅጠል ይጋርድሃል። በማረፊያውና በጎጆው መካከል ባለው የበረራ መስመር ላይ ከሆንክ ደግሞ 50 ሜትር ብትርቅም ትከለክላቸዋለህ።

ባይኖኩላር 8 በ42 ይበቃል። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ 42 ማለት የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው። 42ን ለ8 ስታካፍል 5 ሚሊሜትር ከሩብ ይመጣል፤ ወደ ዓይንህ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይህ ስለሆነ ንጋት ላይ ምስሉ አይጨልምብህም። 10 እጥፍ የሚያቀርበው የተሻለ ይመስላል፣ ነገር ግን የእጅ መንቀጥቀጥንም አሥር እጥፍ ያደርገዋል። ፀሐይ ከጀርባህ ትሁን። ክርንህን ጉልበትህ ላይ አሳርፍ።

መኪና ካለህ ከእሱ የተሻለ መደበቂያ አታገኝም፤ የመንገድ ዳር ወፍ መኪና ለምዷል፣ የሚፈራው ከመኪናው የሚወርደውን ሰው ነው። ሞተሩን አጥፋ (መንቀጥቀጡ መነጽሩ ላይ ይታያል)፣ መስኮቱን ወፎቹ ከመምጣታቸው በፊት አውርደው፣ በር አትክፈት። ኩርባ ላይ ወይም አቀበት ጫፍ ላይ ግን በጭራሽ አትቁም፤ ከመንገዱ ትከሻ ሙሉ በሙሉ ውጣ። በእግር ከሆንክ ፊትህን ወደሚመጣው መኪና አድርገህ ተራመድ። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ልበስ፤ ወፎቹን የሚያስደነግጣቸው ከቀለሙ ይልቅ ድንገተኛ እንቅስቃሴ ነው።

አረንጓዴ_ዳር

እጅግ አመሰግናለሁ። ከ12 ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። 25 ሜትር ላይ ተስማምተናል። አራት ቀን መሄድ አልተመቸኝም ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን ሁለቱም አረንጓዴ ትል ይዘው ሲገቡ አየሁ። ዛሬን 0 ብዬ ጽፌያለሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር፦ አንደኛው ሲወጣ ነጭ ነገር በምንቃሩ ይዞ 20 ሜትር ያህል ርቆ ጣለው። የእንቁላል ቅርፊት ነው?

ላባ_ቆጣሪ

ቅርፊት ከሆነ ጠርዙ የተሰበረ፣ ጎድጓዳና ቀላል ስለሆነ ሲጥለው እየተንሳፈፈ ይወርዳል፤ ቀለምም ሊኖረው ይችላል። ድፍን፣ ሞላላ፣ እርጥብና የሚያብረቀርቅ፣ አንዱ ጫፉ ጠቆር ያለ ከሆነ ግን የኩስ ከረጢት ነው። የብዙ ዘማሪ ወፎች ጫጩት ኩሱን የሚጥለው በቀጭን ልጋግ ሽፋን ተጠቅልሎ ነው፤ ብዙ ጊዜም ልክ እንደጎረሰ ወዲያው። ወላጁ ተቀብሎ ይዞት ይወጣል። ጎጆው ይጸዳል፣ ሽታና ነጭ ምልክትም ከሥሩ አይከማችም። ርቆ የሚጥለውም ለዚሁ ነው።

ይህ ከሆነ ቆጠራህ ተሳስቷል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወላጆቹ ከረጢቱን አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ይበሉታል፤ የጫጩቱ አንጀት ገና ምግቡን በደንብ ስለማያደቅ ውስጡ የሚጠቅም ነገር ይቀራል። ተሸክሞ ርቆ መጣል የሚዘወተረው ጫጩቶቹ አደግ ሲሉ ነው። ባልሄድክባቸው አራት ቀናት ውስጥ ተፈልፍለዋል፤ ዛሬ 0 ሳይሆን 3 ወይም 4 ነው ብለህ ያዝ። መጠራጠር ካለብህ ወደ ትልቁ ቁጥር ተጠራጠር፤ ምክንያቱም 9ኛውን ቀን ሳታውቀው እንዳታልፈው ነው።

ሁለት ነገር አስተውል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደገቡ፣ ስንት ከረጢት እንደወጣ። ጫጩቶቹ ባደጉ ቁጥር ሁለቱም ይጨምራሉ። አንደኛው ወላጅ አጉርሶ ለረጅም ጊዜ ካልወጣ አሁንም እያሞቃቸው ነው፣ ማለትም ትንንሾች ናቸው። ሁለቱም ገብተው ወዲያው የሚወጡ ከሆነ ሰውነታቸውን ራሳቸው ማሞቅ ጀምረዋል።

ጥሬ_ለቃሚ

ከላይ የተባለው ለአብዛኞቹ ትክክል ነው፤ ነገር ግን «ምግብ በምንቃር ካላየህ አልተፈለፈሉም» ብሎ መደምደም ያሳስታል። የካናሪ ዘመዶች የሆኑት ዘር በል ወፎች ዘሩን በማነቂያቸው (ጉሮሯቸው ሥር ባለው የምግብ ማጠራቀሚያ) ውስጥ አጠራቅመው ይመጡና ጎጆው ላይ ወደ ጫጩቶቹ አፍ ይመልሱታል። ከውጭ ስታያቸው ምንቃራቸው ባዶ ነው። እነሱን የምታውቃቸው በሌላ ነው፦ ወላጆቹ የሚመጡት አልፎ አልፎ ነው፣ ሲመጡ ግን ጎጆው ጠርዝ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆመው ሁሉንም በተራ ያጎርሳሉ። ወደ መጨረሻው ላይ ከረጢት መጣሉንም ይተዉታል፤ የጎጆው ጠርዝ ዙሪያውን በኩስ ነጭ ይሆናል። ሌሎች ዘር በሎች ደግሞ፣ ድንቢጥንም ሸማኔ ወፍንም ጨምሮ፣ ራሳቸው ጥሬ እየለቀሙ ለጫጩቶቻቸው ነፍሳት ያመጣሉ፤ ላባና ጡንቻ የሚሠራው በነፍሳቱ ሥጋ ነውና። የጠያቂው ወፎች ትል ስላመጡ ከእነዚህ ወይም ከነፍሳት በሎቹ ናቸው።

ሌላው፦ ከቀን ወደ ቀን የሚሰማው የልመና ድምፅ የአንድ ጫጩት ብቻ ከሆነ፣ ያ ጫጩትም ወላጆቹን የሚበልጥ ከሆነ ኩኩ ወይም ሌላ፣ እንቁላሉን በሌሎች ወፎች ጎጆ የሚጥል ወፍ ገብቶበታል። የአንዳንድ ኩኩዎች ጫጩት ገና ዕርቃኑን ሳለ የባለቤቶቹን እንቁላል በጀርባው እየገፋ ይጥላል። ያሳዝናል፤ ግን ተወው። እንቁላል ማውጣት በብዙ አገር ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው፣ ደግሞም እጅህን አስገብተህ የምታደርሰው ጥፋት ከጥቅሙ ይበልጣል።

ጎጆውን አንዴ ማየት ግዴታ ከሆነብህ፣ በመታቀፉ መካከለኛ ቀናት ሴቷ ለመልቀም ስትወጣ፣ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ትንሽ መስታወት አስረህ ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ማየት ይቻላል። ማለዳ፣ በዝናብና በብርድ አይሞከርም።

ላባ_ቆጣሪ

በመስታወቱ ነገር ጫካ ውስጥ ቢሆን አልከራከርህም ነበር። መንገድ ዳር ግን ሌላ ነው። ቁራ በመኪና የተገጨ ነገር ለመልቀም መንገዱን ጠዋት ጠዋት ይቃኛል፣ ሰው ምን እንደሚያደርግም ልብ ብሎ ያያል። ሰው አንድ ቁጥቋጦ ዘንድ ቆሞ ሲያጎነብስ ካየ በኋላ እሱም ይመጣል። ሣሩን ረግጠህ እስከ ጎጆው ድረስ ሄደህ በዚያው መመለስህም ለድመትና ለሽለምጥማጥ መንገድ መጥረግ ነው። የግድ ማለፍ ካለብህ በቁጥቋጦው ጎን እለፍ፣ አትቁም፣ በሌላ በኩል ውጣ። ቅርንጫፍ መቁረጥ ወይም ለፎቶ ብሎ ወደ ጎን ማሰር በጭራሽ፦ ያ ቅጠል መጋረጃ ብቻ አይደለም፣ ጥላም ነው። የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ካገኛቸው ዕርቃናቸውን ያሉ ጫጩቶች በአጭር ጊዜ ሊሞቱ ይችላሉ።

የቀረጹትን የወፍ ዜማ በስልክ ማሰማትም ይቅር። ወንዱ ተቀናቃኝ መጣብኝ ብሎ ትሉን ጥሎ ድንበሩን ሊጠብቅ ይሄዳል።

ድልድይ_ሥር

እኔ ወደ አስፋልቱ ጥያቄ ልሂድ፤ ከሁሉም ይበልጥ ዝግጅት የሚፈልገው እሱ ነው።

ጫጩት ከጎጆ ሲወጣ በራሪ አይደለም። ጅራቱ አጭር፣ የአፉ ጠርዝ ገና ቢጫ፣ ክንፉ ከመሬት አንድ ሜትር በላይ የማያነሳው ነው። ከወንድሞቹ ጋር በአንድ ጠዋት ይወጣና ተበታትኖ በየቁጥቋጦው ይደበቃል፤ ወላጆቹ ከዚያ በኋላም ሁለት ሦስት ሳምንት ያጎርሱታል። ጠፍተዋል አትበል፣ ድምፃቸውን ተከተል። አደገኛው ጊዜ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ወደ አስፋልት የሚወርዱት አንድም ስለሚሞቅ፣ አንድም ወላጆቻቸው የሞቱ ነፍሳት ወይም የፈሰሰ እህል ሊለቅሙ ስለሚወርዱና እነሱም ስለሚከተሉ ነው። እህል ከፈሰሰ በመጥረጊያ ጠርገህ ከመንገዱ አርቅ። ትንሽ ሥራ ነው፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ።

አስፋልት ላይ ብታገኘው መጀመሪያ ለራስህ እዘን፦ መኪና ለማስቆም እጅህን እያወዛወዝክ አትግባ፣ ክፍተት ጠብቅ። ሁለት እጅህን ጽዋ አድርገህ ወይም ቀለል ያለ ጨርቅ ጣል አድርገህበት አንሳው፤ ደረቱን አትጭመቅ፣ ወፍ የሚተነፍሰው ደረቱ ሲነሣና ሲወርድ ነው። የምትወስደው ወላጆቹ ወደሚጮኹበት ጎን ነው እንጂ ወደ ቀረበህ ጎን አይደለም። ከመንገዱ ጠርዝ ቢያንስ አሥር ሜትር ገባ ብሎ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ጥቅጥቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጠው። ወደ ጎጆው አትመልሰው፤ ይዘልና የቀሩትንም ያስዘልላቸዋል። ከዚያ 30 ሜትር ራቅና ለአንድ ሰዓት ያህል ጠብቅ።

«ሰው የነካውን ጫጩት እናቱ አትቀበለውም» የሚባለው እውነት አይደለም። ዘማሪ ወፎች ልጃቸውን የሚያውቁት በድምፁና በቦታው ነው። ስለዚህ ዕርቃኑን ያለ ወይም ላባው ገና ያልወጣ ጫጩት ከወደቀ በተቃራኒው ወደ ጎጆው ነው የሚመለሰው፤ ከቀዘቀዘ እጅህ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አሙቀህ። ጎጆው ራሱ ከፈረሰ ውኃ የማይቋጥር ትንሽ ቅርጫት ወይም ሥሩ የተበሳ ጎድጓዳ ዕቃ ውሰድ፣ ደረቅ ሣር አልብሰው፣ ፊተኛው ጎጆ በነበረበት ቅርንጫፍ ላይ ወይም ከእሱ አንድ ሜትር ባልራቀ ቦታ እሰረው። ሁለት ሰዓት ጠብቀህ ማንም ካልመጣ ብቻ የዱር እንስሳት ሐኪም ፈልግ።

ውኃ በምንቃሩ አታንጠባጥብ። የመተንፈሻው ቀዳዳ ምላሱ ሥር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ሳንባው ይገባል። ዳቦና ወተትም ምግቡ አይደሉም።

የመንገድ ዳር ሣር የሚያጭድ ሰው ወይም ማሽን ካለ አስቀድመህ አነጋግር፤ የምትጠይቀው ሦስት ሳምንት ብቻ፣ ከቁጥቋጦው ዙሪያ አምስት ሜትር ብቻ ነው። ምልክት ካስፈለገ ቁጥቋጦው ላይ ጨርቅ አትሰር፣ ዓይን ይስባል። በመንገዱ አቅጣጫ አምስት አምስት ሜትር ወዲህና ወዲያ ሁለት ችካል ትከል።

አረንጓዴ_ዳር

ችካሉን ተክያለሁ፣ አጫጁም ተስማምቷል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የከባድ መኪና ጩኸትና ንፋስ አይጎዳቸውም? ቦታውን ለምን መረጡት?

ድልድይ_ሥር

የመረጡበት ምክንያት ቁጥቋጦው ነው፤ እርሻ ሁሉ ታርሶ እሾህ የቀረው መንገድ ዳር ብቻ ከሆነ ወዴት ይሂዱ? ከቦዩ የሚገኘው ውኃና ነፍሳት ይጨመርበታል። ጩኸቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሞተር የሚያሰማው ድምፅ ወፍራም ስለሆነ የዜማውን ታችኛ ክፍል ይውጠዋል። በኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ ግሬት ቲት በሚባለው ወፍ ላይ የተሠራና በ2003 የወጣ ጥናት ጩኸት በበዛባቸው ቦታዎች ያሉት ወንዶች ቀጠን ባለ ድምፅ እንደሚዘምሩ አሳይቷል።

ከመኪናው ጋር ስላለው ነገር ደግሞ የታወቀው የተመራማሪዎቹ የቻርልስ ብራውንና የሜሪ ብራውን ሥራ ነው። በአሜሪካ ኔብራስካ፣ ድልድይና የመንገድ ቱቦ ሥር የጭቃ ጎጆ የሚሠሩ ስዋሎ የሚባሉ ወፎችን 30 ዓመት ተከታትለው በ2013 እንዳወጡት፣ የወፎቹ ብዛት እየጨመረ ሳለ በመኪና የሚገጩት ቁጥር እያነሰ ሄዷል። ተገጭተው የተገኙት ክንፋቸው ከሌሎቹ የረዘመ ነበር፤ አጭር ክንፍ ያለው ቶሎ ሽቅብ ተነሥቶ ያመልጣል።

አንተም ብትፈልግ መዝገብህ ላይ አንድ ዓምድ ጨምር፦ በየ10 ደቂቃው ስንት ከባድ መኪና አለፈ፣ ወላጆቹ ስንት ጊዜ ገቡ። ቀን፣ ሰዓት፣ ንፋስና ዝናብ ከጎኑ ይጻፍ። ሁልጊዜ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባሉት ሦስት ሰዓታት ውስጥ፣ ለተመሳሳይ 30 ደቂቃ ተመልከት፤ አለዚያ የሰኞው ከሐሙሱ ጋር አይወዳደርም።

ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ ጎጆውን አታንሣው፣ ግን ይመለሱበታል ብለህ አትጠብቅ። ብዙዎቹ ለሁለተኛው ዙር አዲስ ይሠራሉ፤ አሮጌው ውስጥ ቁንጫና መዥገር ሊቀር ይችላል። ወላጆቹ የፊተኞቹን ገና እያጎረሱ ሣር ሲያመላልሱ ልታያቸው ትችላለህ፤ በተለይ ሴቷ። ያኔ ከአዲሱ ቦታ 40 ሜትር ተነሥተህ ርቀትህን እንደገና ለካ፤ ያ የለመድከው 25 ሜትር ለአዲሱ ጎጆ አይሠራም።